የሥራ ቃለ መጠይቅ ዝግጅት ከልኬት ሳይንስ አንፃር

መግቢያ

የሥራ ቃለ መጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ለክፍት የሥራ ቦታ ካመለከቱት ሰዎች መካከል የተሻለውን ለመለየት፣ አመልካቾቹን ፊት ለፊት አቅርቦ በጥያቄ የሚመዝንበት ዘዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሃያ እስከ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። አራት ወይም አምስት ዓመት የተደከመበት ትምህርት ዕጣው የሚወሰነው በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በአሬሮ፣ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ አካባቢ ላደገ ወጣት ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም በላይ ይከብዳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ በቦረና ቆላ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ቀርተዋል። በአካባቢው አጠራር ጋና የሚባለው የበልግ ዝናብና ሀገያ የሚባለው የመኸር ዝናብ በተደጋጋሚ በመቅረታቸው እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ከብት ለአርብቶ አደሩ ቤተሰብ ምግብም፣ ባንክም፣ ዋስትናም ነው። መንጋው ያለቀበት ቤተሰብ ተመርቆ የወጣ አንድ ልጅ ካለው፣ የዚያ ልጅ ደመወዝ የቤተሰቡ አዲስ መንጋ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ቃለ መጠይቁ ክፍል የሚገባው ብቻውን አይደለም፤ ቤተሰቡን በትከሻው ተሸክሞ ነው።

ስለ ቃለ መጠይቅ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ስለ አለባበስ፣ ስለ አቀማመጥና ስለ ፈገግታ ነው። ይህ ምክር ስሕተት ባይሆንም የነገሩን ሥር አይነካም። ቃለ መጠይቅ በመሠረቱ ልኬት ነው። ልኬት ከሆነ ደግሞ ስለ ስሕተቱ፣ ስለ አስተማማኝነቱና ስለ ትክክለኛነቱ መጠየቅ ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ምንን እንደሚለካና ምን ያህል አጥርቶ እንደሚለካ እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ከዚህ በመነሣት አመልካቹ እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት እናብራራለን።

ቃለ መጠይቅ እንደ መለኪያ መሣሪያ

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን እንለያለን። የመጀመሪያው ዘፈቀዳዊ ስሕተት ነው። የአንድን ፔንዱለም ዑደት ዐሥር ጊዜ ብንለካ ዐሥር ጥቂት የተለያዩ ውጤቶች እናገኛለን፤ እጃችን ሰዓቱን አንዴ ቀደም ብሎ፣ አንዴ ዘግይቶ ይጫናል። ሁለተኛው ሥርዓታዊ ስሕተት ነው። ሰዓቱ ራሱ የሚዘገይ ከሆነ ዐሥሩም ልኬቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይዛባሉ፤ ልኬቱን መደጋገምም አያድነንም።

ቃለ መጠይቅ ሁለቱንም ይዟል። አመልካቹ የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጠያቂው ከምሳ በፊት መራቡ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ አጋጣሚ በማያውቀው ርዕስ ላይ መውደቁ ዘፈቀዳዊ ስሕተቶች ናቸው። ጠያቂው የአመልካቹን የንግግር ቅላጼ፣ ቁመና ወይም የትውልድ ቦታ አይቶ ሳያውቀው ማዘንበሉ ደግሞ ሥርዓታዊ ስሕተት ነው።

የመለኪያው ጥራት ምን ያህል ነው? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ሲያጠኑ በቃለ መጠይቅ የተሰጠውን ነጥብ ሰውየው ከተቀጠረ በኋላ ከሚያሳየው የሥራ ውጤት ጋር ያነጻጽራሉ። የሁለቱን ዝምድና የሚገልጸው ቁጥር ከ0 እስከ 1 ሊደርስ ይችላል፤ 0 ምንም ዝምድና የለም ማለት ሲሆን 1 ፍጹም ትንበያ ነው። ሽሚትና ሃንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመታት ጥናቶችን አጠቃለው እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጥያቄዎቹና የነጥብ አሰጣጡ አስቀድመው ለተወሰኑለት ቃለ መጠይቅ 0.51፣ እንዲሁ በዘፈቀደ ለሚካሄድ ቃለ መጠይቅ 0.38 አግኝተዋል። ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሌቱን እንደገና ሲመረምሩ ቁጥሮቹ ዝቅ ብለው ወደ 0.42 እና ወደ 0.19 ወረዱ።

የዝምድና ቁጥር በራሱ ሲባዛ በሠራተኞች መካከል ከሚታየው የሥራ ውጤት ልዩነት ምን ያህሉ በቃለ መጠይቁ ነጥብ እንደሚብራራ ይነግረናል። 0.42 በራሱ ሲባዛ 0.18 ገደማ ይሆናል፤ ይህም 18 በመቶ ነው። 0.19 በራሱ ሲባዛ ግን 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዘፈቀደ የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ፣ ጠያቂው የቱንም ያህል በራሱ ቢተማመን፣ ደካማ መሣሪያ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ ባንድ ቃለ መጠይቅ አለማለፍ ስለ አመልካቹ ችሎታ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። በደካማ ሚዛን አንድ ጊዜ ተመዝኖ የቀለለ ሰው ራሱን ቀላል ነኝ ብሎ መፍረድ የለበትም። ሁለተኛ፣ ጥሩ ዝግጅት ማለት ጠያቂዎቹ በአመልካቹ ውስጥ ያለውን እውነተኛ ችሎታ በጥራት እንዲያነቡ መርዳት ነው። ያልሆኑትን መስሎ መቅረብ ዝግጅት አይባልም።

ረጅሙ ልኬትና አጭሩ ልኬት

የቦረና ምድር በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የገዳ ሥርዓት መሪዎቹን በሃያ ደቂቃ ጥያቄ አይመርጥም። በቦረና አባ ገዳ ለስምንት ዓመት ያገለግላል፤ የሥልጣን ርክክቡ ማለትም ባሊ በአሬሮ ወረዳ በበዳሳ ይፈጸማል። በ2009 እና በ2017 ዓ.ም. የተከናወኑት ርክክቦች የቅርብ ጊዜ ምሳሌዎች ናቸው። የሚመረጡት ሰዎች ሥልጣን ከመያዛቸው ከዓመታት አስቀድሞ ይታጫሉ፤ በዕድሜ እርከኖች ሲያልፉም ጠባያቸው፣ የሕግ ዕውቀታቸውና የንግግር ችሎታቸው በሽማግሌዎች ዓይን ሥር ይቆያል።

በልኬት ቋንቋ ብንገልጸው፣ ገዳ አንድን ሰው በብዙ ዓመታት ውስጥ በብዙ ታዛቢዎች ደጋግሞ ይለካል። ተደጋጋሚና እርስ በርሳቸው ነጻ የሆኑ ልኬቶች ሲበዙ ዘፈቀዳዊው ስሕተት በልኬቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ይቀንሳል። የአንድ ልኬት ስሕተት 10 ነጥብ ቢሆን፣ የአራት ልኬቶች አማካይ ስሕተት 5፣ የዘጠኝ ልኬቶች አማካይ ስሕተት 3.3 ገደማ ይሆናል።

ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ጊዜ የለውም። ሆኖም እርሱም ቢሆን የቃለ መጠይቁን ድካም ያውቀዋል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ እንደሚችል ደንግጓል። የሙከራ ጊዜ ከዚህ አንፃር ሲታይ ለአጭሩ ልኬት የተጨመረ ረጅም ልኬት ነው።

ለአመልካቹ የሚከተለው ትርጉም ግልጽ ነው። በቃለ መጠይቁ ክፍል ውስጥ ብዙ ነጻ ማስረጃዎችን ማቅረብ አለበት። የጥያቄዎቹ ቁጥር አስቀድሞ ባልተወሰነበት የሃያ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አምስት ደቂቃ የሚናገር ሰው ከአራት ጥያቄ በላይ አይመልስም፤ ከአራቱ አንዱ ቢበላሽበት የነጥቡ ሩብ ይጠፋል። በሁለት ደቂቃ የተሟላ መልስ የሚሰጥ ሰው ግን ስምንት ያህል ሊመልስ ይችላል፤ አንዱ ቢበላሽ የሚጎዳው ስምንተኛውን ብቻ ነው። በመሆኑም መልስን ማሳጠር የልኬቱን ጥራት ያሻሽላል። አንድ ጥያቄ ስለተበላሸም መደናገጥ አያስፈልግም፤ ቀሪዎቹ ልኬቶች ገና አልተወሰዱም።

ስለ ጠያቂው ስሕተት ማወቅ የሚጠቅመው

ቶርንዳይክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ መረመረ። መኮንኖቹ ቁመናን፣ ብልህነትን፣ የመሪነት ችሎታንና ጠባይን ለየብቻ እንዲመዝኑ ቢጠየቁም፣ ነጥቦቹ ሊሆን ከሚገባው በላይ ተመሳስለው ተገኙ። በአንዱ ጎን የወደዱትን ሰው በሌላውም ጎን ከፍ አድርገውታል። ይህ ዝንባሌ የአንድ መልካም ገጽታ ብርሃን ሌላውን ሁሉ ሲያደምቅ የሚታይበት ስለሆነ ሥርዓታዊ ስሕተት ነው።

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ለእስራኤል ጦር ሠራዊት የምልመላ ቃለ መጠይቅ ሲያዘጋጅ መድኃኒት ያለውን ሥርዓት ቀየሰ። ጠያቂው ስድስት ባሕርያትን አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ ወደ ቀጣዩ ከማለፉ በፊት ለእያንዳንዱ ነጥብ እንዲሰጥ፣ አጠቃላይ ግምቱን ግን እስከ መጨረሻው እንዲያቆይ አደረገ። ውጤቱ ከቀድሞው አሠራር የተሻለ ሆነ።

ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ጠያቂዎቹ ፊት የነጥብ ቅጽ ይቀመጣል። አመልካቹ ይህን ካወቀ መልሱን ቅጹን እንዲሞላ አድርጎ ያዘጋጃል። የሥራ ማስታወቂያው ራሱ የቅጹ ጥላ ነው። «ሪፖርት የማዘጋጀት ችሎታ»፣ «ከኅብረተሰቡ ጋር ተግባብቶ የመሥራት ልምድ»፣ «በመስክ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ» የሚሉት ሐረጎች ነገ ነጥብ የሚሰጥባቸው ረድፎች ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው የዝግጅት ሥራ ማስታወቂያውን በወረቀት ገልብጦ፣ የሚጠይቃቸውን ነገሮች በግራ በኩል መዘርዘር፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ለእያንዳንዱ ከራስ ሕይወት አንድ ማስረጃ መጻፍ ነው። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ ቦታ ካለ አመልካቹ ድካሙን ከጠያቂዎቹ በፊት አውቆታል ማለት ነው።

የመልስ ግንባታ

ደካማ መልስ ቅጽል ይደረድራል፤ ጠንካራ መልስ ድርጊት ይናገራል። ጠያቂዎቹ «በሥራ ላይ አለመግባባት ሲያጋጥምዎ እንዴት እንደፈቱ ይንገሩን» ቢሉ፣ «ታጋሽና ተግባቢ ነኝ፤ ከሁሉም ጋር እስማማለሁ» የሚለው መልስ ሊለካ የሚችል ነገር የለበትም። ማንም ሰው ሊለው ይችላል።

ጥሩ መልስ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁኔታው፣ የአመልካቹ ኃላፊነት፣ የወሰደው እርምጃና የተገኘው ውጤት። ለአብነት ያህል በያቤሎ ለሚገኝ የውኃ ጽሕፈት ቤት ያመለከተ አንድ ተመራቂ እንዲህ ሊመልስ ይችላል እንበል፦

«በበጋው ወራት ቤተሰባችን ከብት የሚያጠጣበት ኤላ ውኃው ቀነሰ፤ የሁለት መንደር ሰዎችም በተራው አልተስማሙም። ተራ የሚያስጠብቁት አባ ሄሬጋ መዝገቡን እኔ እንድይዝ አዘዙኝ። ለሦስት ቀናት የውኃውን ጥልቀት ጧትና ማታ በገመድ እየለካሁ ጻፍሁ። ሌሊቱን ውኃው መልሶ እንደሚሞላ ስላየሁ፣ ብዛት ያለው መንጋ ማለዳ፣ ጥቂቱ ከሰዓት በኋላ እንዲጠጣ ሐሳብ አቀረብሁ። ሽማግሌዎቹ ተወያይተውበት ተቀበሉት። እስከ ዝናቡ ድረስ ተራው ያለ ጠብ ቀጠለ።»

ይህ መልስ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን መለካት፣ መመዝገብ፣ ሽማግሌን ማክበር፣ ሐሳብ ማቅረብና ውጤት መከታተል በውስጡ አሉ። ከአርብቶ አደር ቤተሰብ የወጡ ብዙ ተመራቂዎች «የሥራ ልምድ የለኝም» ይላሉ። መንጋ በድርቅ ወቅት ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ዕቅድ ነው፤ በኤላ ዙሪያ ተራ ማስጠበቅ አስተዳደር ነው፤ በገበያ ቀን የከብት ዋጋ መደራደር ንግድ ነው። እነዚህ ሥራዎች ደመወዝ ስላልተከፈለባቸው ልምድነታቸው አይቀርም። የሚጎድላቸው መሥሪያ ቤቱ በሚረዳው ቋንቋ መነገር ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት አይገባም። ጠያቂ «በስንት ቀን? በምን ለካህ? ማን ተቃወመ?» እያለ ሲያጠብቅ የፈጠራ ታሪክ ቶሎ ይፈርሳል።

የማናውቀው ጥያቄ ሲመጣ

በሙያ ጥያቄ ላይ አመልካቾች የሚፈሩት የማያውቁት ነገር መጠየቅን ነው። ጠያቂው ግን ብዙ ጊዜ ማየት የሚፈልገው የአስተሳሰቡን መንገድ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «ጥልቀቱ 25 ሜትር የሆነ ጉድጓድ አለ። ሞተሩን ከላይ አስቀምጠን ውኃውን በቱቦ ብንስበው ይወጣል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱን በቃል ያልያዘ ሰው ከመሠረቱ ሊያስብ ይችላል።

የሚስብ ፓምፕ ውኃን ጎትቶ አያወጣም፤ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያስወግድ ከውጭ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ውኃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ የአየር ግፊት ወደ 85 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህን ለውኃ እፍጋት፣ ማለትም በሜትር ኪዩብ 1,000 ኪሎ ግራም፣ እና ለመሬት ስበት 9.8 ስናካፍለው 8.7 ሜትር ገደማ እናገኛለን። ፍጹም የሆነ ፓምፕ እንኳ ከዚህ በላይ ሊስብ አይችልም። ስለዚህ ለ25 ሜትር ጉድጓድ ፓምፑ ወደ ውኃው ወርዶ ከታች መግፋት አለበት። ጥልቅ በሆኑት የቦረና ቱላ ኤላዎች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው በዜማ እየተቀባበሉ ውኃ የሚያወጡትም በዚያው ምክንያት ውኃው ከታች መነሣት ስላለበት ነው።

እዚህ ላይ አመልካቹ የአየር ግፊቱን ትክክለኛ ቁጥር ባያስታውስ እንኳ «ቁጥሩን በእርግጠኝነት አላስታውስም፤ በባሕር ወለል ላይ 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ በዚህ ከፍታ ከዚያ ያንሳል» ቢል የሚፈለገውን አሳይቷል። የማያውቁትን አላውቅም ብሎ ከሚያውቁት ተነሥቶ መገመት በሳይንስ የተከበረ ልማድ ነው። ዝም ብሎ መቀመጥም ሆነ ያለ እርግጠኝነት በድፍረት መናገር ግን ለጠያቂው ጥሩ ምልክት አይሰጡም።

የማስታወስ ሳይንስና ልምምድ

ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በራሱ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ በዝግታ እንደሚረሳ አሳየ። ስለዚህ በዋዜማው ሌሊት የተጠና ነገር በአስተማማኝ ሁኔታ አይገኝም።

ማንበብ ብቻም አይበቃም። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረጉት ሙከራ አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ የሚያስታውሰውን ከቃሉ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋጋሚዎቹ 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋጋሚዎቹ 42፣ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ራስን መፈተን ግን ዕውቀቱን ያቆያል።

ለቃለ መጠይቅ ይህ ማለት መልሶችን ጽፎ ከማንበብ ይልቅ ጥያቄ ጽፎ ወረቀቱን ገልብጦ ድምፅ አውጥቶ መመለስ ይሻላል ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር መለማመድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። በነገሌ ወይም በያቤሎ ሦስት ተመራቂዎች ተሰብስበው፣ አንዱ ሲመልስ ሁለቱ እየጠየቁና ነጥብ እየሰጡ በየተራ ቢቀያየሩ ወጪ የሌለው ቤተ ሙከራ አቋቁመዋል። ነጥብ ሰጪ ሆኖ መቀመጥ በተለይ ያስተምራል፤ ረጅም መልስ ምን ያህል እንደሚያሰለች ከጠረጴዛው ማዶ ሲቀመጡ ይታወቃል። ልምምዱንም በአንድ ቀን ከመጨረስ በአምስትና በስድስት ቀናት መከፋፈል ይበጃል።

መልስን ቃል በቃል መሸምደድ አይመከርም። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ኮዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው ግምት አራት ያህል ብቻ። የተሸመደደ አንቀጽ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። አራቱን የመልስ ክፍሎች ብቻ የያዘ ሰው ግን ቃላቱን በቦታው ይፈጥራቸዋል።

ፍርሃትና አካል

የቃለ መጠይቅ ፍርሃት በሽታ አይደለም። አንጎላችን ፈተና ሲያይ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን ያመነጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሥርዓት ለመሸሽ ወይም ለመታገል የተሠራ ነው።

ዬርክስና ዶድሰን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከባድ በሆነ ሥራ ላይ መጠነኛ ማነቃቂያ ትምህርትን ሲያፋጥን፣ ከመጠን ያለፈው ግን እንደሚያሰናክል አዩ። ስለዚህ ዓላማው ፍርሃትን ማጥፋት ሳይሆን ልክ ማስያዝ ነው። ለዚህ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው መተንፈስ ነው። አየር ስናስገባ ልባችን በጥቂቱ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል በዝግታ መተንፈስ፣ የማስወጫውንም ጊዜ ከማስገቢያው ማስረዘም ልብን ያረጋጋል። አራት ሰከንድ አስገብቶ ስድስት ሰከንድ ማስወጣት በደጅ ተራ እየጠበቁ ማንም ሳያስተውል ሊደረግ ይችላል።

ሁለተኛው ስሜቱን እንደገና መሰየም ነው። ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ተነቃቅቻለሁ» ብለው ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። የልብ መፍጠን በፍርሃትም በጉጉትም አንድ ነውና ስሙን መቀየር ከማጥፋት ይቀላል።

ቋንቋ፣ መንገድና ዕለቱ

ከደቡብ ቆላ የሚነሣ አመልካች ሊዘጋጅባቸው የሚገቡ ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ቋንቋ ነው። በኦሮሚያ ክልል መሥሪያ ቤቶች ቃለ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ሲሆን፣ በእርዳታ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይደረጋል። አንድን ታሪክ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የተለማመደ ሰው ሌላው ሲመጣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ያስባልም፣ ይተረጉማልም። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ታሪኮች በሚጠበቀው ቋንቋ ድምፅ አውጥቶ መለማመድ ያስፈልጋል። ጥያቄው ካልገባ «ጥያቄውን ቢደግሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ከነገሌ ወይም ከያቤሎ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱን በመኪና ተጉዞ ጧት መቅረብ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ከመድረስ ጋር አይወዳደርም፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የሚያውቀውንም በዝግታ ያወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ለቆላ ሰው ጧቷ ይበርዳልና ሞቅ ያለ ልብስ መያዝ ይገባል። የትምህርት ማስረጃዎች ዋናውና ቅጂው በአንድ ማኅደር ተይዘው፣ የመሥሪያ ቤቱም አድራሻ በዋዜማው ታይቶ ቢታወቅ መልካም ነው። ሥራ ለማስገኘት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ ደግሞ መራቅ ብቻ ነው የሚበጀው።

ሴት አመልካቾች አንዳንድ ጊዜ ስለ ጋብቻና ስለ ልጅ ይጠየቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በጾታ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ «በመስክ መሥራትን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን አውቄ ነው ያመለከትሁት፤ ለዚያም ዝግጁ ነኝ» ብሎ ንግግሩን በጨዋነት ወደ ሥራው መመለስ ይቻላል።

በመጨረሻ ጠያቂዎቹ «ጥያቄ አለዎት?» ሲሉ «የለኝም» ማለት ዕድልን ማባከን ነው። «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከዚህ ሠራተኛ ምን ይጠበቃል?» ብሎ መጠየቅ ለሥራው ማሰብን ያሳያል፤ አመልካቹም በበኩሉ መሥሪያ ቤቱን እንዲለካ ያስችለዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው ቃለ መጠይቅ ደካማ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ሊያሻሽሉት ይችላሉ። ጠያቂዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ለሁሉም አቅርበው፣ ለእያንዳንዱ መልስ ወዲያው ነጥብ ሰጥተው፣ አጠቃላይ ግምታቸውን ለመጨረሻ ካቆዩ ከአሬሮም ይምጣ ከአዲስ አበባ ሁሉም በአንድ ሚዛን ይመዘናል። በቅጥር ኮሚቴ የሚቀመጡ መምህራንና ኃላፊዎች ይህን ቢያስቡበት ምንም ወጪ አይጠይቅም።

አመልካቹ ደግሞ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ያንብብ፣ ማስረጃዎቹን ይሰብስብ፣ በሁለት ደቂቃ መናገርን ይለማመድ፣ ራሱን ይፈትን፣ ይተኛ፣ በዝግታ ይተንፍስ። ይህን ሁሉ አድርጎ ካልተሳካለት ውጤቱ አንድ ልኬት ብቻ መሆኑን አይርሳ። ወደ ቤቱ እንደተመለሰ የተጠየቀውን ሁሉ በደብተር ይጻፍ፤ ያ ደብተር ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ከሁሉ የተሻለ መጽሐፍ ይሆነዋል። ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች ሁሉ መልካም ዕድል እንመኛለን።